ሰፈር በማፍረስ ድህነት ይጠፋል ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ከሚነገረው ሁሉ መካከል፣ ሹሙም ምሁሩም ነጋዴውም ያለ ክርክር የተስማሙበት አንድ አሳብ አለ፤ እርሱም፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ፣ ልደታና ካዛንቺስ፣ ሠራተኛ ሰፈርና ጌጃ ሰፈር የድህነት መቀመጫዎች ስለ ሆኑ፣ መቀመጫው ከተነሣ ተቀማጩም አብሮ ይነሣል፣ ከጭቃ ቤት ወጥቶ ወደ ፎቅ የገባ ሰው ሁሉ በገባበት ዕለት ከነዳያን መዝገብ ይፋቃል የሚል ነው። ይህ አሳብ በጓዳው ሌላ አሳብ ደብቆ ይዟል፤ በአደባባይ ባይናገሩትም፣ በመኪና መስኮት እየተመለከቱ የሚያልፉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ይሰማል፤ ሰፈሩን ያጎሳቆለው ራሱ ነዋሪው ነው፣ ንጽሕናን ያልለመደ፣ ሥራን የሚጠላ፣ የሚኖርበትን ቤት እንኳ በእጁ የማይጠግን ሰው ስለ ያዘው ነው ይላሉ። እኔ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ሐሰት ነው እላለሁ፤ የፊተኛው በኋለኛው ላይ የቆመ ነውና ከኋለኛው እጀምራለሁ።

ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ በዐመድ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ አፋቸውን ቢከፍቱ የተናገሩት ነገር፣ መከራህ ከኃጢአትህ የተነሣ ነው የሚል ነበር። የእኛ ዘመን አጽናኞች ሰባት ቀን ዝም ለማለት እንኳ ትዕግሥት የላቸውም። ግርግዳው ያዘነበለ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ደጁ በፍሳሽ የረጠበ ቤት ባዩ ጊዜ ወዲያው የሚጠይቁት ማን እንደሚኖርበት ነው እንጂ ቤቱ የማን እንደ ሆነ አይደለም፤ የነገሩ ሥር ያለው ግን በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ፣ ከመኖሪያ ቤት የተረፈውንም ቤት ሁሉ የመንግሥት አደረገ። አዋጁን ያለ ምክንያት የወጣ አድርጎ የሚያቃልል ሰው የቀድሞውን ዘመን አያውቅም፤ የመዲናይቱ መሬት አብዛኛው በጥቂት መሳፍንትና መኳንንት፣ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት እጅ ተይዞ፣ የቀረው ሕዝብ በአከራይ ፈቃድ የሚገባና በአከራይ ቍጣ የሚወጣ ነበርና፣ ኪራይ የሚቀንስና ተከራይን ከመባረር የሚጠብቅ ሕግ በወጣ ጊዜ የድሀው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ቤቱን ከባለቤቱ ወስዶ ለሌላ ባለቤት አልሰጠም። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሲከፈሉ፣ ደኅና ደኅናው ቤት ገንዘብ ላለው መሥሪያ ቤት፣ ደሳሳው ቤት ባዶ ካዝና ለያዘው ቀበሌ ደረሰ። በወር ሁለት፣ አምስት ወይም ዐሥር ብር ከሚከፈልበት ቤት የሚሰበሰበው ገንዘብ ቆርቆሮ ሊገዛ ይቅርና ለምስማርም የሚበቃ አልነበረም፤ ቀበሌውም እያወቀ ዝም አለ፣ ዝምታውም ግማሽ ምእት ዓመት ቆየ።

ታዲያ ተከራዩ ስለ ምን በራሱ አልጠገነም? ብዙዎቹ ጠግነዋል፤ ያልጠገኑትም ምክንያት ነበራቸው። ጥሪቱን አፍስሶ ግርግዳ ያደሰ ሰው፣ የታደሰው ግርግዳ የእርሱ አይደለም፤ ሊሸጠው፣ በመያዣ አስይዞ ሊበደርበት፣ ነገ ለሚመጣው ትእዛዝ የእኔ ነው ብሎ ሊከራከርበት አይችልም። ልጆቹ አድገው አንዲት ክፍል ልቀጥል ያለ እንደ ሆነ ያለ ፈቃድ ሠርተሃል ተብሎ ይፈርስበታል፤ ፈቃድ ሊጠይቅ የሄደ እንደ ሆነ ሰፈሩ ወደፊት ለልማት የሚነሣ ነው ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ጎን መስፋት ቢከለከል ወደ ላይ ቆጥ ሠራ፣ በቆጡም ላይ ልጆቹን፣ ከቆጡም በታች ደባል አስተኛ፤ ይህንንም የጨዋነት ጕድለት አድርገው ይቈጥሩበታል። የጭቃን ቤት የሚያውቅ ሰው ደግሞ፣ ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ ግርግዳው በየጊዜው ከተመረገ፣ የባሕር ዛፉን ምሰሶና ማገር ምስጥና ጎርፍ ካልደረሱበት፣ ቤቱ ከሠሪው ዕድሜ በላይ እንደሚቆም ያውቃል። በእነዚያው ሰፈሮች፣ በዚያው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት ጭቃ የተሠሩ የግል ቤቶች ተለስነውና ቀለም ተቀብተው ቆመው ሲታዩ፣ ጎረቤታቸው የቀበሌ ቤት ወደ መሬት ያጎነበሰው ነዋሪዎቹ ሌላ ፍጥረት ስለ ሆኑ ነውን? ጎረቤታሞቹ የአንድ እድር ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የሚለያቸው የቤት ካርታ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ከ70 እስከ 80 በመቶው ጎስቋላ ነው የሚለው የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ግምት በየስብሰባው ሲጠቀስ ሰምተናል፤ ጠቃሾቹም ቍጥሩን ሰፈር ለማፍረስ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ከዚያው ቍጥር ተቃራኒውን አነብባለሁ። ከዐሥር ቤት ሰባቱ ወይም ስምንቱ እንዲህ ከሆነ፣ ጎስቋላው ሰፈር ከከተማው አካል ላይ የሚቈረጥ ትርፍ ሥጋ ሳይሆን ከተማው ራሱ ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብም በአንድ ጊዜ ሰነፈ፣ በአንድ ጊዜ ንጽሕናን ጠላ ማለት ለማንም ዳኛ የሚያስቸግር ክስ ነው።

ወደ ፊተኛው አሳብ ልመለስ። ድህነትን በግርግዳ መልክ የሚለካ ሰው፣ ከግርግዳው ወዲያ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ያልፋል። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ሊጡን የምታቀጥን፣ በጋራው ማድ ቤት ተራዋን ጠብቃ የምትጋግር፣ ጎህ ሲቀድ እንጀራውን በመሶብ ተሸክማ ለሉካንዳ ቤቱና ለሆቴሉ በእግሯ የምታደርስ ሴት፣ ከእርሷም በር ላይ ሽንኵርትና ቲማቲም በቍና መድባ በጉሊት የምትሸጥ ሌላ ሴት፣ ከዚያ ወዲህ ጠላ ጠምቃ ወይም በርበሬ ደልዛ የምታድር፣ ከዚያ ወዲያ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ፣ ባልየው በመስቀለኛው መንገድ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠባበቅ፣ ልጅየው የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ ወደ ፒያሳ የሚወርድ፣ ይህ ሁሉ ማኅበረ ሰብ ንግዱንና ሙያውን የመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ገበያው በእግር የሚደረስበት መሆኑ ነው። ለታክሲ የሚከፈል ገንዘብ በዚህ ንግድ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ከገባበትም ትርፉ ያልቃል። የእነዚህ ሰዎች ካፒታል ድስታቸውና ምጣዳቸው ሳይሆን ቦታቸው ነው።

ከቦታውም ቀጥሎ መታወቃቸው ነው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ ዘይትና ስኳር፣ ሩብ ኪሎ ቡናና አንድ ሻማ በዱቤ የሚሰጠው፣ የሰውየውን አባትና እናት፣ ደመወዙን የሚቀበልበትን ቀንና የሚክድ ወይም የማይክድ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው፤ በዚያች በተጨማደደች ደብተር የተመዘገበው እምነት፣ ባንክ ቤት ሄዶ ዋስትና አምጣ ከሚባልበት ብድር ይልቅ ብዙ ቤት ከረኃብ አድኗል። እቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው በመጀመሪያ የደረሰው ሰው የቀረውን ሳይከፍል እንዳይጠፋ ዋስ የሚሆነው ሰው የሚገኘው ቤቱን ከሚያውቁት መካከል ነው። እድር ደግሞ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ሳህኑንና የቀብሩን ወጪ ይዞ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀመጥ ሰዎችን ይዞ የሚቆም ሥርዐት ነው። (እድርን አሮጊቶች ለቡና የሚሰበሰቡበት ጉዳይ አድርጎ የሚያቃልል ሰው፣ በወር መጨረሻ እሑድ ተቀምጦ በቀሪ ቅጣት ላይ የሚደረገውን ክርክር አልሰማም፤ እንደዚያ ያለ ጥብቅ ሕግ በብዙ መሥሪያ ቤት አላየሁም።) እንግዲህ አንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ተነሥቶ ነዋሪው ወደ አምስትና ወደ ስድስት አቅጣጫ በዕጣ ሲበተን፣ የሚፈርሰው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ ዱቤው፣ እቁቡ፣ እድሩ፣ ደንበኛው፣ ልጅ የምትጠብቀው ጎረቤት፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ይፈርሳሉ፤ ካሳ ገማቹ ግን ከሁሉ በፊት የሚለካው ግርግዳውን በካሬ ሜትር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተከተለችው የአሰፋፈር ልማድ በኋላ ዘመን ሰዎች ዘንድ ጕድለት ተብሎ ተተችቷል፤ ለእኔ ግን ከምግባሮቿ አንዱ ነው። የራስ መኰንንም ሆነ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የሹሙ ግቢ በመካከል ሆኖ ዙሪያውን ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ሸማኔውና ነዳዩ የሰፈሩበት ስለ ነበረ፣ ባለጸጋና ድሀ በአንድ በር የሚወጡ፣ በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ ሆነው ኖሩ፤ በብዙ የዓለም ከተሞች ድሀው ለብቻው በተከለለበት ዘመን በእኛ ከተማ የፎቅ ቤት አጥርና የጭቃ ቤት ግርግዳ ተደጋግፈው ይታዩ ነበር። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው፣ ሊቃውንቶቻችን ነዌ ብለው የሚጠሩት ባለጸጋ የተኰነነው አልዓዛር በደጁ ስለ ተኛ አይደለም፤ በደጁ ተኝቶ ሳለ ስላላየው ነው። እኛ ግን የነዌን ኃጢአት ያሻሻልን መስሎን፣ አልዓዛርን ከደጁ አንሥተን ዓይን ከማይደርስበት ከከተማው ዳርቻ አስቀመጥነው። ፍርፋሪውስ በየት በኩል ይደርሰዋል? ፍርፋሪ ስል ምጽዋቱን ማለቴ አይደለም፤ አጠባውን፣ ጋገራውን፣ ዘበኝነቱን፣ ተሸካሚነቱን፣ ከባለጸጋው ወጪ ወደ ድሀው እጅ በየቀኑ የሚንጠባጠበውን ሥራ ማለቴ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታው በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ጊዜ የተባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሕዝብ የቤት ባለቤት እናደርጋለን ነበር፤ አሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ብዙ ሰውም፣ በተለይ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ በእርሱ ተጠቅሟል። ነገር ግን ከዘመን ወደ ዘመን ሳይቶቹ እየራቁ፣ ከጀሞ ወደ የካ አባዶ፣ ከዚያም ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ እየወጡ ሲሄዱ፣ ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ ወደዚያ የተላከው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ገጠመው። ቀድሞ የወር ኪራዩ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ዋጋ የማይበልጥ የነበረው ሰው ቅድመ ክፍያና የባንክ ዕዳ ተሸከመ፤ ሥራው በእግር የሚደረስ የነበረው ሰው ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚለውጥ ሆነ፤ በእንጨትና በቅጠል ትጋግር የነበረችው ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛ መብራት እስኪመጣ የምትጠብቅ፣ ብትጋግርም የሚገዛት የሌለ ሆነች፤ የሳይቱ ነዋሪ ሁሉ እንደ እርሷ ከሌላ ሰፈር ተነቅሎ የመጣ ነውና።

ውጤቱ በየሳይቱ የታወቀ ነው። ብዙ ባለ ዕጣ ቤቱን ለተሻለ ገቢ ላለው ሰው ያከራያል፤ በኪራዩ ባንኩን ይከፍላል፤ ራሱ ግን ከዚያ አልፎ፣ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ዕጣም ሆነ ምትክ ያላገኘው ደባል ደግሞ በከተማው ጠርዝ ጨረቃ ቤት ከሚያቆሙት ጋር ይቀላቀላል፣ ጨረቃ ቤቱም በተራው ይፈርስበታል። ስለዚህ በመዝገብ የተጻፈው አንድ ጎስቋላ ቤት እንደ ጠፋ፣ አንድ ቤተ ሰብም ወደ ፎቅ እንደ ገባ ነው፤ በእውነት የሆነው ግን ጎስቋላው ቤት ከልደታ ተነሥቶ ወደ ዳር መሄዱ፣ በዚያም ውሃና መንገድ፣ እድርና ደንበኛ ሳይኖረው መቆሙ ነው። ሰውየው ፎቁን ያከራየው ፎቅ ስለ ጠላ አይደለም፤ የጐደለው ገቢ እንጂ ፎቅ ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ከነገራቸው ሁሉ ብርቱው ስለ ሆነ አላልፈውም። አንተ የምታመሰግነው ሰፈር፣ ይሉኛል፣ ዐሥራ አምስት ቤተ ሰብ በአንድ ሽንት ቤት የሚሰለፍበት፣ ሴት ልጅ በሌሊት ወደዚያ ለመውጣት የምትፈራበት፣ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳበት፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ነው። እውነት ነው። ይህን የሚክድ ሰው በዚያ አልኖረም፤ ድህነትን ከሩቅ ሆኖ የሚያወድስም ሰው ከአፍራሹ የተሻለ ወዳጅ አይደለም። በቀበናና በግንፍሌ ወንዝ ገደል ላይ የተንጠለጠሉት ቤቶች ክረምት በመጣ ቍጥር የሚያስፈሩ ነበሩ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት ስፍራም ማንም ሊኖርበት የማይገባ ነበር። እንደዚህ ካለው ቦታ ሰውን ማንሣት ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ ማንሣቱም በደል ነው። ነገር ግን ተከራካሪዎቼ የዘረዘሩት ጕድለት ሁሉ የሽንት ቤት፣ የውሃ፣ የመንገድና የመብራት ጕድለት ነው፤ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ሰው ሽንት ቤት ይሠራለታል እንጂ ሃያ ኪሎ ሜትር አይወሰድም። በየመንደሩ ወጣቶች ተደራጅተው ያነጠፉት ኮብልስቶን፣ ክረምት ከበጋ ጭቃ የነበረውን የውስጥ መንገድ ማንንም ሳያፈናቅል እንዳደረቀው ሁላችንም አይተናል።

የቀረው ነገር የመሬቱ ዋጋ ነው፤ ለእኔ የክርክሩ እውነተኛ ልብ ይህ ይመስለኛል፤ ሌላው ሁሉ የእርሱ መጐናጸፊያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ከወጣ ወዲህ መሬት ለመንግሥት የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ ከምንጩም ውስጥ ብዙ የሚፈስሰው ከመካከሉ ነው። በሕጉ ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት እንጂ ለመሬቱ አይደለም፤ የቀበሌ ተከራይ ደግሞ በላዩ ያለው ንብረትም የእርሱ ስላልሆነ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረበት ስፍራ ለሌላው ብዙ ሚሊዮን ብር ሲያወጣ ለእርሱ ምትክ ቤት ወይም ለመግዛት የመመዝገብ ዕድል ይደርሰዋል። ያንን ስፍራ ውድ ያደረገው ማን ነው? ባለ ሀብቱ ገና አልመጣም ነበር። ውድ ያደረገው ገበያው፣ ደብሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የታክሲው መነሻ፣ በየቀኑ የሚመላለሰው ሕዝብ ነው፤ ነዋሪው የሠራው ዋጋ ነዋሪውን ለማስወጣት ምክንያት ሲሆንበት፣ ይህን ልማት ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል። በውድ መሬት ላይ ድሀ ሊኖር አይችልም የሚሉም አሉ፤ በግንፍሌና በልደታ የቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ግን በከተማው መካከል ብዙ ቤተ ሰብ በትንሽ መሬት ላይ ደርቦ ማኖር እንደሚቻል ቆመው ይመሰክራሉ። የማይቻል ያደረገው ምርጫ ነው፤ ሰፈሩን አፍርሶ ነዋሪውን የማስወጣቱ ምርጫም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በፍጥነት ተፈጽሞ አየነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ፣ ነበረ። የንጉሣውያኑ ቤተ ሰብ ዘመድ የሆኑት፣ በደርግ ዘመንም ለዓመታት የታሰሩት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ፣ ከእስር ከወጡ በኋላ ሥራቸውን ያደረጉት በመዲናይቱ መካከል ካሉ እጅግ ድሀ ቀበሌዎች ውስጥ ነበር። ከነዋሪው ጋር ተመካክረው የዘመመውን ቤት በቦታው አቀኑ፤ ማድ ቤትና መጸዳጃ ሠሩ፤ የውሃና የፍሳሽ መንገድ አስተካከሉ፤ ጤናና ትምህርት፣ ለሴቶችም የገቢ ምንጭ ጨመሩበት፤ ሰውየውንም ከጎረቤቱ፣ ሴትዮዋንም ከደንበኛዋ አልለዩም። ሥራቸውን የሚያደንቁ ሰዎች እንኳ ትንሽ ነበር፣ ለጥቂት ቀበሌዎች እንጂ ለከተማ የሚሆን አልነበረም ብለው ያልፉታል። ትንሽ የሆነው ዘዴው ሳይሆን የተሰጠው ገንዘብ ነው፤ ለመንገድ ዳር አምፖልና ለፏፏቴ ሲሆን የማይጐድለው በጀት ለቆርቆሮና ለመጸዳጃ ጕድጓድ ሲሆን ስለ ምን እንደሚጐድል የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። ገና ሳይፈርሱ በቀሩት ሰፈሮች ግን ሥራው ከገንዘብም በፊት በወረቀት ሊጀመር ይችላል፤ የቀበሌውን ቤት ለሚኖርበት ሰው በስሙ ጽፎ፣ ካርታውን ሰጥቶ፣ አጥሩንና ጣሪያውን እንዲሠራ መፍቀድ፣ በ1967 በአንድ አዋጅ የተደረገውን በሌላ አዋጅ ማረም ነውና፣ የሚያስፈልገው ማኅተምና ፊርማ ነው።